ከጉልበት ጅማት ቀዶ ሕክምና በኋላ ልም አጥንትን መጠበቅ፦ ከአልጋ እስከ እርሻና ሜዳ

የፊት መስቀለኛ ጅማቱ፣ ባለሙያዎች ኤሲኤል የሚሉት፣ ተበጥሶበት በቀዶ ሕክምና ሌላ ጅማት የተተካለት ሰው ሐሳቡ ሁሉ በአዲሱ ጅማት ላይ ነው፤ ያዘ ወይስ አልያዘም፣ መቼ እሮጣለሁ፣ መቼ ሞፈር እይዛለሁ ይላል። ጉልበቱ ከዓመታት በኋላ እንዴት እንደሚሆን የሚወስነው ግን በአመዛኙ የአጥንቶቹን ጫፍ የሸፈነው ልም አጥንት፣ ማለትም ካርቲሌጁ ነው። ይህ ጅማት ወይም ሚኒስከስ፣ ማለትም በጭንና በቅልጥም አጥንቶች መካከል እንደ ትራስ የሚያገለግለው አካል፣ የተጎዳባቸውን ሰዎች ለረጅም ጊዜ የተከታተሉ ጥናቶች እንደሚያሳዩት፣ ከ10 እስከ 20 ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ ግማሽ ያህሉ ላይ የመገጣጠሚያ መሸርሸር ይታያል። ጅማቱን መተካት ጉልበቱን ያጸናዋል እንጂ ይህን አደጋ በራሱ አያስቀረውም።

ይህ መመሪያ የተጻፈው በተለይ በደብረ ማርቆስ፣ በፍኖተ ሰላም፣ በእንጅባራ፣ በሞጣና በዙሪያቸው ሆነው ፊዚዮቴራፒስት በየሳምንቱ ማግኘት ለማይመቻቸው ሰዎች ነው። ቀዶ ሕክምናውን የሠራው ሐኪም ከዚህ የተለየ ትእዛዝ ከሰጠ የሐኪሙ ትእዛዝ ይጸናል፤ የጉልበቱን ውስጥ በዓይኑ ያየው እርሱ ነውና።

በቅድሚያ፦ ልም አጥንቱ ምን እንደሚወድ ማወቅ

ልም አጥንት የደም ሥርም ነርቭም የለውም። በጉልበት ውስጥ ውፍረቱ በአብዛኛው ቦታ ከ2 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ሲሆን በጉልበት ሎሚ ጀርባ ከዚህ ይወፍራል። የደም ሥር ስለሌለው ምግቡን የሚያገኘው ከመገጣጠሚያው ፈሳሽ ነው፤ እግር መሬት ሲረግጥ ይጨመቃል፣ ሲነሣ መልሶ ፈሳሹን ይስባል። ለዚህም ነው ወር ሙሉ ተኝቶ የከረመ ጉልበት ልም አጥንቱ የሚደክመው። በሌላ በኩል ጅማቱ በተበጠሰበት ቅጽበት የጭንና የቅልጥም አጥንቶች ስለሚጋጩ ከልም አጥንቱ ሥር ያለው አጥንት ብዙ ጊዜ ይቀጠቀጣል፤ ይህ ቅጥቃጤ በኤምአርአይ ለወራት ሊታይ ይችላል። ስለሆነም ሸክም ቢቀርበትም ይጎዳል፣ ሳይዘጋጅ ቢበዛበትም ይጎዳል። በጋውን ያረፈ በሬ በመጀመሪያው ቀን ከንጋት እስከ ምሽት እንደማይጠመድ ሁሉ፣ ይህም ጉልበት ወደ ሥራ የሚመለሰው በመጠን በመጠኑ ነው።

ነርቭ አለመኖሩ ከሁሉ የከፋ መዘዝ አለው። ልም አጥንቱ ሲጫን ወዲያው አያምም። በዕለቱ ምንም ሳያምዎት ጉልበትዎ ከአቅሙ በላይ ሠርቶ ሊሆን ይችላል፤ ይህን የሚነግርዎት በማግስቱ ጠዋት የሚታየው እብጠት ነው። የመገጣጠሚያው ሽፋን ሲቆጣ ፈሳሽ ያመነጫል፣ ፈሳሹም ጉልበቱን ይሞላዋል። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ በዚህ ላይ የተመሠረተ ነው፤ እርምጃዎን የሚመራው የቀን ብዛት ብቻ ሳይሆን እብጠቱ ይሁን።

አንደኛ፦ ከሆስፒታል ሳይወጡ ወረቀቱን መያዝ

ብዙ ሰው የሚዘነጋው ይህን ነው። አዲስ አበባ ሄዶ ቀዶ ሕክምና ያደረገ ሰው ክትትሉን ደብረ ማርቆስ ወይም ባሕር ዳር ላይ ሲቀጥል የሚያየው ሌላ ባለሙያ ነው፤ ያ ባለሙያ ጉልበቱ ውስጥ ምን እንደተሠራ ካላወቀ በግምት ይሠራል። ስለዚህ የቀዶ ሕክምናውን ዝርዝር ጽሑፍ ቅጂ ይጠይቁ፤ ከተቻለም በስልክዎ ፎቶ አንሥተው ያስቀምጡ። ጽሑፉ አራት ነገሮችን መመለስ አለበት፦ ተተኪው ጅማት ከየት ተወሰደ (ከኋላ ጭን ነው ወይስ ከጉልበት ሎሚ በታች ካለው ጅማት)፣ ሚኒስከሱ ተሰፋ ወይስ ተቆርጦ ተስተካከለ፣ ልም አጥንቱ ላይ ጉዳት ታየ ወይ፣ ከታየስ ምን ተደረገለት።

መልሶቹ ቀጣዮቹን ሳምንታት ይለውጣሉ። ሚኒስከሱ የተሰፋ ከሆነ ሐኪሞች በአብዛኛው ለመጀመሪያዎቹ ከ4 እስከ 6 ሳምንታት ጉልበቱ ክብደት ተሸክሞ ከ90 ዲግሪ በላይ እንዳይታጠፍ ያዛሉ፤ ቁጢጥ ማለት ደግሞ ለወራት ይከለከላል። ልም አጥንቱ ላይ ቀዳዳ ተደርጎ አጥንቱ እንዲደማ የተደረገ ከሆነ፣ እንደ ቁስሉ ቦታ እስከ 6 ሳምንት ድረስ በክራንች እየተደገፉ እግሩን ሳይጫኑ መቆየት ሊያስፈልግ ይችላል። ምንም ያልተነካበት ሰው ግን ብዙ ጊዜ ከመጀመሪያዎቹ ቀናት ጀምሮ በክራንች እየተደገፈ እንዲረግጥ ይፈቀድለታል። ሁለት ሰዎች በአንድ ቀን በአንድ ሐኪም ተሠርተው የተለያየ ትእዛዝ የሚሰጣቸው በዚህ ምክንያት ነውና ከጎረቤት ጋር አይወዳደሩ።

ከአዲስ አበባ ደብረ ማርቆስ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ባሕር ዳር ደግሞ ከዚያም ይርቃል። በሚኒባስ ጠባብ ወንበር ላይ እግርን አጥፎ ይህን ያህል መንገድ መሄድ ጉልበቱን ያደርቀዋል፣ በባት ውስጥ ደም የመርጋት አደጋንም ይጨምራል። ከተቻለ እግር የሚዘረጋበትን ወንበር ይያዙ፣ የቁርጭምጭሚት እንቅስቃሴ በየጊዜው ያድርጉ፣ ዓባይን ከመውረድዎና ከወጡም በኋላ ጎሐ ጽዮንና ደጀን ላይ ወርደው በክራንችዎ ጥቂት ይንቀሳቀሱ።

ሁለተኛ፦ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት

በዚህ ጊዜ ሦስት ሥራዎች አሉ፤ እብጠትን ማውረድ፣ ጉልበትን ሙሉ በሙሉ መዘርጋት፣ የፊት ጭን ጡንቻን መቀስቀስ።

ለእብጠቱ እግርን ከልብ ከፍታ በላይ አድርጎ መተኛት፣ በረዶን በጨርቅ ጠቅልሎ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ በየጥቂት ሰዓቱ ማስቀመጥ ይረዳል። ማቀዝቀዣ በሌለበት ቤት በቀዝቃዛ ውሃ የተነከረና የተጨመቀ ፎጣ በፕላስቲክ ላይ ይደረጋል፤ ቁስሉ እንዳይረጥብ ግን ይጠንቀቁ።

መዘርጋቱ ከመታጠፉ ይቀድማል። ጉልበት እስኪታጠፍ ቢዘገይ በኋላ ይስተካከላል፤ ሙሉ በሙሉ ሳይዘረጋ የቀረ ጉልበት ግን ሰውየው እያነከሰ እንዲሄድ፣ የጉልበት ሎሚውም ከሥሩ ባለው አጥንት ላይ ያለ እረፍት እንዲጫን ያደርጋል። ጋቢ ወይም ፎጣ ጠቅልለው ተረከዝዎን ከላዩ ያሳርፉ፤ ከጉልበቱ ሥር ምንም አይኑር። ክብደቱ ራሱ እንዲያወርደው 10 ደቂቃ ያህል ይተዉት፣ በቀን 4 ወይም 5 ጊዜ ይድገሙት። ጠያቂ ሲመጣ «እንዲመቸው» ብሎ ከጉልበቱ ሥር ትራስ የሚያስገባ አይጠፋም፤ ምቾቱ እውነት ነው፣ ጉልበቱ ግን ታጥፎ እንዲደርቅ የሚያደርገው ያ ትራስ ነው።

እብጠት የፊት ጭን ጡንቻን ያደነዝዛል፤ ሰውየው ቢያዝዘውም ጡንቻው አይሰማም። እግርዎን ዘርግተው ጉልበቱን ወደ ፍራሹ እየተጫኑ ጡንቻውን ያጠንክሩ፣ 5 ሴኮንድ ይያዙ፣ ይልቀቁ። የጉልበት ሎሚው ወደ ላይ ሲሳብ ካዩ ጡንቻው ሰምቷል ማለት ነው። ቀጥሎም ጉልበቱ ሳይታጠፍ እግርን በሙሉ ወደ ላይ ማንሣት ይመጣል፤ ሲነሣ ጉልበቱ ትንሽም ቢሆን የሚታጠፍ ከሆነ ወደ መጀመሪያው ልምምድ ይመለሱ።

ወጌሻን በተመለከተ በግልጽ መናገር ያሻል። በጎጃም ለወለምታ የሚመጣ እጅ ብዙ ነው፤ አክባሪም ተጠቃሚም አለው። በቀዶ ሕክምና የተተካ ጅማት ግን በአጥንት ውስጥ በተከፈተ ቀዳዳ ገብቶ ገና ከአጥንቱ ጋር በመያያዝ ላይ ያለ ነውና በቅቤ ማሸትም፣ መጠምዘዝም፣ በግድ ማጠፍም አይፈቀድለትም። ትኩሳት፣ የቁስል መቅላትና መግል፣ ወይም የባት ድንገተኛ እብጠትና ሕመም ከታየ በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል ይሂዱ። የትንፋሽ ማጠር ከተጨመረበት ደግሞ አንድ ሰዓትም አይቆይ።

ሦስተኛ፦ የእብጠት ምርመራን በቤት መማር

ይህን ምርመራ አንዴ ከተማሩት ወሩን ሁሉ ይጠቅማል። ጠዋት ከአልጋ ሳይወርዱ እግርዎን ዘርግተው ጭንዎን ያላሉ። በመዳፍዎ በጉልበቱ የውስጥ በኩል፣ ከጉልበት ሎሚው ጎን ካለው ጎድጓዳ ቦታ ጀምረው ወደ ጭን ሁለት ሦስት ጊዜ ወደ ላይ ይጥረጉ። ከዚያ በውጭ በኩል ከጭን ጀምረው ወደ ታች አንድ ጊዜ እየጠረጉ ዓይንዎን ከውስጠኛው ጎድጓዳ ላይ አያንሡ። ምንም ካልተንቀሳቀሰ ጉልበቱ ደረቅ ነው። ቀጭን የፈሳሽ ማዕበል ብቅ ካለ ጥቂት ፈሳሽ አለ። ጎድጓዳው ግልጽ ሆኖ ከሞላ ፈሳሹ በዝቷል፤ ከውጭ ሳይጠርጉት በራሱ ተመልሶ ከሞላ ደግሞ ጉልበቱ ተቆጥቷል። ብርሃን በጎን በኩል ሲመጣ በደንብ ስለሚታይ በመስኮት አጠገብ ቢሠራ ይመረጣል።

ፈሳሹን ማየት ለሚከብደው ሰው የልብስ ሰፊ ሜትር ይበቃል፤ በጉልበት ሎሚው መሐል ዙሪያውን ይለኩ፣ ሁልጊዜም በአንድ ሰዓትና በአንድ አቀማመጥ ይሁን፣ የጤነኛውን ጉልበት ልክም ከጎኑ ይጻፉ። በማግስቱ ጠዋት ያለው ውጤት ከትናንቱ ጋር ከተመሳሰለ ሥራው ይቀጥላል። ማዕበሉ ከጨመረ ጉልበቱ እስኪመለስ ወደ ቀደመው መጠን ዝቅ ማለት ነው፤ ተኝቶ መዋል ማለት ግን አይደለም።

አራተኛ፦ ከሦስተኛው ሳምንት እስከ ሦስተኛው ወር

ክራንችን ለመጣል መቸኮል የዚህ ጊዜ ፈተና ነው። ጉልበቱ ሙሉ በሙሉ ሲዘረጋ፣ እግሩ ተዘርግቶ ሳይታጠፍ ሲነሣና ያለማነከስ መሄድ ሲቻል ክራንቹ ይቀራል፤ እነዚህ ካልተሟሉ በአንዱም ቢሆን መደገፍ ይሻላል። የሚያነክስ ሰው ሳያውቀው ከተሠራው እግር ክብደት ያሸሻል፤ ይህ ልማድ ከሆነ ልም አጥንቱ የሚገባውን ጭነት ያጣል። ስለዚህ በተስተካከለ መሬት ላይ፣ ተረከዝን አስቀድሞ እየረገጡ፣ የሁለቱን እግሮች ድምፅ እያዳመጡ በዝግታ መሄድ ራሱ ትልቅ ልምምድ ነው። ኮብልስቶንና የክረምት ጭቃ ለዚህ አይሆኑም።

ጉልበቱ ከ100 ዲግሪ ትንሽ ከፍ ብሎ መታጠፍ ሲችል ብስክሌት መልካም ነው፤ ብዙ ዙር፣ ጥቂት ጭነት። መጀመሪያ ግን በቆመ ብስክሌት ይሁን። ባሕር ዳር መሬቷ ሜዳ ስለሆነ ለብስክሌት የተመቸች ብትሆንም መንገድ ላይ መውደቅ አለና የመንገዱን እስከ ሦስተኛው ወር ያቆዩት። በቤት ውስጥ ግድግዳ ተደግፎ እስከ 45 ዲግሪ ዝቅ ማለት፣ በጀርባ ተኝቶ ወገብን ማንሣት፣ በእግር ጣቶች መቆም ይጨመራሉ።

ተተኪው ጅማት በዚህ ጊዜ የሚሰማዎትን ያህል ጠንካራ አይደለም። ከ6ኛው እስከ 12ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ አሮጌው ሕዋስ እየሞተ አዲስ እየተተካበት ስለሆነ ይበልጥ ደካማ ነው፤ ሕመሙ የሚጠፋውም በዚሁ ጊዜ መሆኑ ነው ክፋቱ።

የቤትና የኑሮ ልማዶች እዚህ ላይ ከልምምዱ እኩል ያስጨንቃሉ። ጉልበት ክብደት ተሸክሞ በታጠፈ መጠን የጉልበት ሎሚው በልም አጥንቱ ላይ የሚያሳርፈው ጫና ይጨምራል። ቁጢጥ የሚባልበት መጸዳጃ ላይ ለወራት መሐሉ የተቀደደ ወንበር ማስቀመጥ፣ ከግድግዳውም መያዣ እንጨት ማሠራት የአንድ ቀን የአናጢ ሥራ ነው። ቡና የምታፈላ ሴት ከዝቅተኛው በርጩማ ይልቅ ከፍ ያለ ወንበር ላይ ሆና ረከቦቱንም ምድጃውንም ከፍ ብታደርግ ወጉ አይጎድልም። እንጀራ መጋገርም ምጣዱ በከፍታ ላይ ሲሆን ይቻላል።

በቤተ ክርስቲያን ረጅም ሰዓት ለሚቆም ሰው መቋሚያው ከተሠራው እግር በተቃራኒ ባለው እጅ ይያዝ። ስግደት ግን የተለየ ነው፤ በዐቢይ ጾም፣ በተለይም በስቅለት ዕለት፣ ጉልበትን ደጋግሞ እስከ መጨረሻው ማጠፍና በጉልበት ሎሚው ላይ ማረፍ ስላለ ለመጀመሪያው ዓመት ከነፍስ አባት ጋር ተነጋግሮ ቆሞ ራስን ዝቅ በማድረግ መተካቱን መጠየቅ ይገባል። ጅማታቸው ከጉልበት ሎሚው በታች የተወሰደ ሰዎች በተለይ መንበርከክ ከዓመት በኋላም ሊያማቸው ይችላል።

አምስተኛ፦ ጡንቻን መገንባት

ከሦስተኛው ወር በኋላ ለልም አጥንቱ ትልቁ ጋሻ የፊት ጭን ጡንቻ ነው፤ እግር መሬት ሲመታ ግፊቱን ቀድሞ የሚቀበለው እርሱ ስለሆነ ነው። ቀዶ ሕክምናው ካለፈ ከዓመት በኋላም ጭናቸው የቀጠነ ሰዎች ብዙ ናቸው፤ በእኔ ግምት ሥራው የሚበላሸው በዚህ ምዕራፍ ነው፣ ምክንያቱም ሕመም የለም፣ ቀጠሮም የለም፣ ሰውየውም ድኛለሁ ብሏል።

በሳምንት ሦስት ቀን ይበቃል። በቤት የሚገኘው ደረጃ ወይም መደብ ላይ በተሠራው እግር መውጣትና በዝግታ መውረድ፣ ከወንበር በሁለት እግር፣ ቀስ በቀስም በአንድ እግር መነሣት፣ አሸዋ የተሞላ ጀሪካን ይዞ ዝቅ ብሎ መነሣት ጂም ለሌለበት ቦታ ጥሩ ናቸው። ከደረጃ ሲወርዱ ጉልበቱ ወደ ውስጥ እንዳይዘም በመስተዋት ወይም በሌላ ሰው ዓይን ይታይ፤ የሚዘም ከሆነ ደረጃው ከፍ ብሏል። ክብደትን ወይም ቁጥርን በአንድ ጊዜ አንዱን ብቻ ይጨምሩ፣ ማግስቱን ጠዋት ጉልበቱን ይዩ።

ጡንቻ ያለ ፕሮቲን አይገነባም። በማገገም ላይ ላለ ሰው በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደት ከ1.2 እስከ 1.6 ግራም ፕሮቲን ይመከራል፤ 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ከ72 እስከ 96 ግራም ማለት ነው። አንድ ኩባያ የበሰለ ምስር 18 ግራም ያህል ይሰጣል፤ ስለዚህ በጾም ወቅት ሽሮ፣ ምስር፣ ባቄላና አተር ከእንጀራው በላይ ይብዙ እንጂ እንጀራው ከወጡ በላይ አይብዛ። ውፍረት ላለበት ሰው አንድ ኪሎ መቀነስ በእያንዳንዱ እርምጃ ከጉልበቱ ላይ 4 ኪሎ ያህል ጫና ያነሳለታል።

መድኃኒትን በተመለከተ፣ ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ከልምምድ በፊት ተወስደው ሕመሙንም እብጠቱንም ቢሸፍኑ ጉልበቱ የሚነግርዎትን ያሳጡዎታል፤ ሲደጋገሙም ጨጓራንና ኩላሊትን ይጎዳሉ። በመገጣጠሚያ ውስጥ የሚሰጥ የስቴሮይድ መርፌ ለጊዜው እፎይታ ቢሰጥም ሲደጋገም ራሱ ልም አጥንቱን ያሳሳል። በየፋርማሲው የሚሸጠው የግሉኮሳሚን እንክብል ልም አጥንትን እንደሚመልስ በበቂ ማስረጃ አልተረጋገጠም፤ ገንዘቡ ለእንቁላልና ለምስር ቢውል እመርጣለሁ።

ስድስተኛ፦ ወደ ሜዳና ወደ እርሻ መመለስ

ቀጥ ያለ ሩጫ አብዛኛውን ጊዜ ከሦስተኛው ወር በፊት አይታሰብም፤ ከዚያም በኋላ ጉልበቱ ደረቅ ሲሆንና በአንድ እግር ከወንበር መነሣት ሳይቸግር ሲቀር ብቻ ይጀመራል። እንደ እግር ኳስ ድንገት መዞር ላለበት ጨዋታ ዝቅተኛው 9 ወር ነው፤ ከዚያ በፊት የተመለሱት ጉልበታቸውን እንደገና የመጉዳት ዕድላቸው በጣም ከፍ ያለ ነው። ከወሩ ጋር የተሠራው እግር ጥንካሬም የአንድ እግር ዝላይም ከጤነኛው ቢያንስ 90 በመቶ መድረስ አለበት። ዝላዩ በሜትር የሚለካ ስለሆነ በደረቅ ሜዳ ላይ በገመድ ማረጋገጥ ይቻላል።

ማረስ ከእግር ኳስ ያነሰ አይደለም። የሞፈሩን እርፍ ይዞ በጓል ላይ የሚሄድ ሰው እግሩ ባልጠበቀው ጉድጓድ ይገባል፣ በሬዎቹ ድንገት ሲዞሩ አብሮ ይዞራል። ስለዚህ የቀዶ ሕክምናውን ቀን መምረጥ የሚችል ገበሬ የእርሻውን ቀን መቁጠሪያ አብሮ ያስላ። አጨዳና ውቂያ ካለቀ በኋላ ጥር ላይ የተሠራ ሰው በሰኔ ገና 5 ወሩ ነው፤ 9 ወሩ የሚሞላው ጥቅምት ላይ ነው። የዚያ ክረምት እርሻ በወንፈል፣ በደቦ ወይም በእኩል መታረስ አለበት ማለት ነው፤ ይህም ከቤተሰብ ጋር ከቀዶ ሕክምናው በፊት የሚነገር ጉዳይ ነው። የጤፍ አረምም ሆነ አጨዳ ቁጢጥ ተብሎ የሚሠራ ስለሆነ በመጀመሪያው ዓመት መሸከም፣ መበተን፣ ከብት ማገድ የመሰለ ቆሞ የሚሠራ ሥራ ይመረጥ፤ ሸክሙም በመጠን ይሁን።

ከተመለሱ በኋላም የጠዋቱን ምርመራ በየሳምንቱ አንድ ጊዜ ያቆዩት፤ የጭን ልምምዱንም በሳምንት ሁለት ቀን። ጉልበቱ ሲሄዱ ከተቆለፈና አልታጠፍ ወይም አልዘረጋ ካለ፣ ከተንሸራተተ፣ ወይም ጭነቱን ቀንሰውም እብጠቱ ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆየ፣ በባሕር ዳር እንደ ፈለገ ሕይወትና ጥበበ ግዮን ባሉ ሆስፒታሎች ወይም ቀዶ ሕክምናውን በሠራው ሐኪም ዘንድ ይታዩ፤ ሲሄዱም የቀዶ ሕክምናውን ወረቀትና የእብጠቱን ልክ የጻፉበትን ደብተር ይዘው ይሂዱ።